በመደብ የማይያዝ ሕዝብ

ፌስቡክ ለአስተዋዋቂዎች ካቀረባቸው የሰው መደቦች አንዱ «ከትውልድ ከተማቸው ርቀው የሚኖሩ» የሚል ነበር። ጉራጌን በዚህ መደብ ለማግኘት ስንት ኮምፒውተር ተጨነቀ! መርካቶን አንድ ቀን የዞረ ሰው በነጻ ይነግራቸው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ግን ሒሳቡ ይዛባል። ለመስቀል «የራቀው» ሁሉ ስጦታውን ጭኖ ወደ ጉብሬ፣ ወደ ቡታጅራ ይተማል፤ ሙስሊሙም ለአረፋ እንዲሁ። ትናንት «የከተማ ነጋዴ» የተባለው ሰው ዛሬ ክትፎና ቆጮ ፊት ተቀምጧል። በዚያው በጉብሬ ደግሞ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ ከየክልሉ ስለመጡ እነሱም «ርቀው የሚኖሩ» ናቸው። ለመስቀል ገቢው የታሰበው የበሬ ማስታወቂያ የምሳ ሰልፍ ላይ ለቆመው ተማሪ ቢደርሰው ማን ይወቀሳል?

ፖለቲከኞች ከነጋዴ አይሻሉም። የፖለቲካ አማካሪው ድርጅት የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲገለጥ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ሳያውቁት መወሰዱ ተሰማ። የተፈለገው መራጩን በጠባዩ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ቃል መላክ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰውን ለመመደብ ይህን ያህል ድካም አያስፈልግም። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. «ራሳችንን የቻልን ክልል እንሁን» ብሎ ወሰነ፤ በ2015 ዓ.ም. ዞኑ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ተመደበ። ያለ አንዲት ላይክ!