የወፍ በሽታ የያዘው ሽንት ቤት

አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የምትቀድመው አንዲት ጥያቄ ነበረችው። «ምንድነው፣ ዛሬ የጊዮርጊስ ዋዜማ ነው?» ሰው በሌለበት ክፍል አምፖል በርቶ አይቷል ማለት ነው። እኛ ልጆቹ ለማጥፋት እንሽቀዳደማለን። አንድ ማታ ጥድፊያችን በዛና እማዬ ጓዳ ገብታ ሽሮ ስትዘግን አጠፋንባት። ለካ በጨለማ የዘገነችው በርበሬ ኖሯል። የዚያ ዕለት ራት በቤተሰባችን ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል።

እኔ ታዲያ ሳድግ እንደሱ ላልሆን ምዬ ነበር። ተከራይ ሳለሁ መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ መብራት የሚያጠፋልኝ አከራይ ነበረኛ! ኮተቤ ላይ እንደምንም ጎጆ ቀልሼ ቆጣሪው በስሜ መቁጠር ሲጀምር ግን ነገር ዓለሙ ተለወጠ። ሰው አባቱን የሚመስለው ሲሸብት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሂሳብ ሲመጣበት ነው።

ሂሳቡ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ለዓመታት ንቅንቅ ሳይል የኖረው የመብራት ታሪፍ በ2011 መነሳት ጀመረ፤ በ2017 መስከረም ደግሞ በየሦስት ወሩ አንድ አንድ ደረጃ የሚወጣበት ሌላ መሰላል ቆመለት። ታሪፉ ራሱም እርከን አለው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በርካሹ ይስተናገዳል፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ 500ን እስኪያልፍ ድረስ በወጡ ቁጥር ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ውሃውም እንደዚሁ ነው። ታዲያ አንድ የወር መጨረሻ ቴሌብር ከፍቼ ያለብኝን ሳይ፣ ስልኩ የሌላ ሰው ይሆን ብዬ ጀርባውን ገልብጬ አየሁት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተከራዬን ነው። ሰርቪሷን የተከራየው ልጅ የሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ ነጭ ሸሚዙን በየቀኑ ይተኩሳል። ቆጣሪያችን አንድ ስለሆነ ሂሳቡን በሰው ቁጥር ነው የምንካፈለው። ጠራሁትና፣ «ስማ ልጄ፣ ይቺ ካውያህ ሂሳባችንን ሰማይ ሰቀለችው» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ።

ቀጥዬ አምፖል ላይ ዘመትኩ። እራት እየተበላ ተነስቼ የመኝታ ቤቱን አጠፋለሁ። ልጄ መጽሐፍ ይዞ ለውሃ ብድግ ካለ ተመልሶ ሲመጣ ጨለማ ይጠብቀዋል። የባለቤቴ እህት ልትጠይቀን መጥታ መታጠቢያ ቤት ሳለች ያጠፋሁባትን አሁን ባላነሳው ይሻላል። እሷም እስካሁን አላነሳችውም፤ እኛም ቤት እስካሁን አልመጣችም።

ወር ሙሉ እንዲህ ሆኜ የመጣው ሂሳብ ካለፈው ወር ጋር መንታ ነው። ይህኔ አሥረኛ ክፍል የሆነው ልጄ እርሳስና ወረቀት ይዞ መጣ። «አባ፣ አምፖላችን 9 ዋት ነው። በቀን 5 ሰዓት፣ ለ30 ቀን ሲበራ ስንት ይመጣል? 1.35 ኪሎዋት ሰዓት። በቃ ይኸው ነው።» አባባ ትክክል ነበር፤ የእሱ አምፖል 60 ዋት የሚውጥ፣ በእጅ ሲነኩት የሚያቃጥል አሮጌው ዓይነት ነው። እኔ የወረስኩት ጠላቱን እንጂ ዘመኑን አልነበረም።

«እና ማነው የሚበላን?» አልኩት።

«ቆጣሪውን ጠይቀው» አለኝ።

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ጠየቅሁት። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ የምትብለጨለጭ ትንሽ ቀይ መብራት አለቻቸው፤ የእኛው ላይ በአጠገቧ 1000 የሚል ቁጥር ተጽፏል። 1000 ጊዜ ከጠቀሰች አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የቤቱን ሁሉ ነቃቅዬ፣ አንዲት የሳሎን አምፖል ብቻ አብርቼ፣ ዱካና ሰዓት ይዤ በረንዳው ላይ ቆጣሪው ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ፣ ምንም። ሦስት ደቂቃ፣ ምንም። ስድስት ደቂቃ አለፈና ሊሰለቸኝ ሲል ብልጭ! አንዴ ጠቀሰችኝ። ከዚያ ደግሞ ዝም። ለዚህች ስል ነው እንግዲህ ከሚስቴ እህት የተቀያየምኩት።

የራሳችንን ካውያ ሞከርኩ፤ በደቂቃ 17። ተከራዬ በቀን 10 ደቂቃ ቢተኩስ በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ፊቴ ትንሽ ቀላ፤ ነገር ግን ማንም ስላላየኝ አለፍኩት።

ከዚያ ባለቤቴ ልትጋግር ምጣዱን ሰካች።

ቀይዋ መብራት አበደች። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 58። እንደ ደህና ሰው የልብ ምት አንዴም ሳታርፍ። 58ን በ60 ቢያበዙት 3 ሺህ 480፣ በደፈናው ሦስት ተኩል ኪሎዋት መሆኑ ነው። ጭቃ ምጣድ የተሠራበት ቦታ ዋት የሚባል ጽሑፍ አይለጠፍበትም፤ ሥሩ ባለው ቦይ የተጠመጠመው ሽቦ ግን ሥራውን ያውቃል። እኛ ቤት በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት ይጋገራል። በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት። ርካሹን እርከን ምጣዱ ብቻውን ረግጦት አልፏል ማለት ነው። ወር ሙሉ እያነፈነፍኩ ያጠፋኋት አምፖል ደግሞ ከምጣዱ የ23 ደቂቃ ድርሻ ናት።

እና እንጀራ ይቅር ልበል? እንደዚያ ለማለት የሚደፍር አበሻ ካለ ይቅረብና ይናገር። እኔ ያልኩት በሳምንት አንዴ ይጋገር ነው። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሁን፣ ይሞከር» አለች፤ አባባሏ ግን ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አባባል ነበር። በስድስተኛው ቀን መሶቡን ስንከፍት እንጀራው አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቶ ጠበቀን። ዘጠኝ እንጀራ ሻገተ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ቤቷ እኛ ሰፈር ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔውን ያመጣችው ያው ባለቤቴ ናት፤ እሷም ደግሞ ከኔ ጋር ዱካ ላይ ተቀምጣ መቁጠር ከጀመረች በኋላ። ለካ ልማዳችን ምጣዱን አስቀድሞ መሰካት ኖሯል። እሱ እየጋለ ሳለ ሊጡ ይቀጠናል፣ ማሰሻው ይፈለጋል፣ ሰፌዱ ጎረቤት ሄዶ ይገኛል፣ በዚያ መሃል ስልክ ይደወላል። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሩብ ሰዓት ባዶውን ይቀመጣል። ሩብ ሰዓት 870 ጥቅሻ ነው። አሁን ሊጡ ቀጥኖ፣ ማሰሻው ተቀምጦ፣ አክንባሎው ልክ መግጠሙ ታይቶ፣ ስልኩ ሳሎን ቀርቶ ነው የሚሰካው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ደግሞ ምጣዱ ተነቅሎ በትኩሱ ይወጣሉ፤ ጭቃው ግለቱን በቶሎ አይለቅም። ሩብ ሰዓቷ ብቻዋን በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት አተረፈችልን፤ አምስት አምፖል ወር ሙሉ ያበራል። ይህን ዘዴ ለእናቷ ብትነግራቸው፣ «ድሮስ ማገዶ ሲሆን እሳት አንድዶ ሊጥ የሚያቀጥን ነበረ እንዴ?» አሏት።

ቦይለሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይሄም የልጄ ሂሳብ ነው። እንደተሰካ ከዋለ ደግሞ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ማንም ሳይታጠብበት እንደገና ያሞቃል። ስለዚህ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ እንዲሰካ፣ በሌላው ቀን ሰውነቱን የሚታጠብ በቀዝቃዛ እንዲወጣው ደነገግሁ። ድንጋጌው ቤተሰቡን ሁሉ የሚመለከት ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ውሃው ስመጣ ነው ጉዱ የፈላው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ በመጣ ጊዜ ሮቶው ይሞላል፣ በሮቶው እንከርማለን። ሰሞኑን ግን ሮቶው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። አንድ የፈረቃችን ማታ ሮቶው ጢም ብሎ፣ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣ በባትሪ የውሃ ቆጣሪውን ባይ መስታወቱ ሥር ያለችው ትንሿ ኮከብ ትሽከረከራለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሳነበው 160 ሊትር ሄዷል። ስምንት ጀሪካን! ተኝተን ሳለ! ግቢውን ዞርኩ፣ እርጥብ መሬት የለም። ቀረ ሽንት ቤት።

የሽንት ቤቱ የውሃ ሣጥን ሥር ያለችው ጎሚኒ ካረጀች ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በሳህኑ ግድግዳ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ በዐይን አይታይም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ቀለም መጨመርና ውሃ ሳይለቁ መጠበቅ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ያፈሳል ማለት ነው። እኔ ቀለም አልነበረኝም። ጓዳ ገብቼ እርድ ዘገንኩ፣ በእጄ አማሰልኩት፣ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ አየዋለሁ» ብዬ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያን ሰሞን አማቴ ከደብረ ብርሃን ለሕክምና ቀጠሮ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ከቤቱ ሁሉ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው።

«ኧረ በስመ አብ! ኧረ ማነው የታመመው?»

ብድግ ስል አማቴ ኮሪደሩ ላይ ልጆቹን ደርድረው የዐይናቸውን ቆብ ወደ ታች እየሳቡ ይመረምራሉ። «የወፍ በሽታ ነው፤ ሽንቱ ቢጫ፣ እንደ እርድ ሆኗል!» የትልቁን ልጄን ዐይን ገልጠው አዩና፣ «ይሄስ የቀላ ነው፤ የስልክ ነው» ብለው ለቀቁት። ትንሿን ለቀቁ። ልጃቸውን ለቀቁ። ከዚያ እኔ ጋ ደረሱ፤ ዐይኔን ሳይሆን እጄን ያዙ። አምስቱም ጣቶቼ እስከ ጥፍራቸው ቢጫ ናቸው።

«ይኸው! እጁ ድረስ ወርዷል!»

«እማማ፣ እርድ እኮ ነው።»

«እርድ ምን ሊሠራ ሽንት ቤት ገባ?»

ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለውም። ረጅሙን ጀመርኩ፤ ስለ ጎሚኒዋ፣ ስለ ኮከቧ፣ ሌሊት በባትሪ ስለ ቆጠርኳቸው ስምንት ጀሪካኖች። አማቴ እስከ መጨረሻው በርኅራኄ አዳመጡኝና ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወደ ራሱ ወጥቷል። ጠበል ይሂድ።» ባለቤቴ ታስረዳልኛለች ብዬ ባያት፣ ግድግዳ ተደግፋ ሳቋን ማቆም አቅቷታል።

ጎሚኒዋ ተቀየረች። የቧንቧ ሠራተኛው አንድ ሻይ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀበትም። በዚያ ሌሊት ኮከቧ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሮቶው ከፈረቃ ፈረቃ ያደርሰን ጀመር። ከሁሉ ሙከራዬ ገንዘቡ ጎልቶ የታየኝ በዚህች አንዲት ቁራጭ ጎማ ነው። እርዱ ግን የባለቤቴ የዓመት ዝግጅት ነበርና እስከ ፋሲካ አልጫ ወጥ ነጣ ብሎ ቀረበልን።

በወሩ መጨረሻ የመብራቱም ሂሳብ ቀንሶ መጣ። ደስ ስላለኝ ተከራዬን ጠርቼ ቆጣሪው ፊት አቆምኩትና አቆጣጠሩን አስተማርኩት፤ 1000ው ምን እንደሆነ፣ ምጣዱ በደቂቃ ስንት፣ ካውያው ስንት። ስለ ካውያው የተናገርኩትንም በዚያው ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ ወሬ በወሬ ሆኖ ሳላነሳው ቀረሁ።

ከሳምንት በኋላ ማታ በር አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ለማስቸገሬ። የቁርስ ተረኛ ስለሆንኩ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምወጣው። ዛሬ ስወጣ ቀይዋ መብራት ስትጠቅስ አይቼ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ቆጠርኳት።»

«ጎበዝ!» አልኩት። «ታዲያ የረሳኸው ካውያ ይሆናል።»

«ካውያዬን እኮ እርስዎ ከተናገሩኝ ጊዜ ጀምሮ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ ጋሼ። ሸሚዜን ሆቴል ነው የምተኩሰው። ካውያ ደግሞ 17 ነው ብለውኛል፤ ይቺ 25 ነበረች። ቀኑም ሐሙስ ነው። ጋሼ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ 25 የሚያስጠቅስ ምን አለ?»

ስለ አየሩ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ከሳሎን የእርሳስ ጭረት ሰማሁ፤ ቀጥሎም የልጄን ድምፅ።

«ቦይለር!»