የኤሊ ቀለብ

ኤሊ የዱሩ ዳኛ ሆና የተሾመችው ስለማትቸኩል ነው። ቀጠሮ ታበዛለች ብለው የሚያሟት ነበሩ፤ ፍርዷ ግን በይግባኝ ተሽሮ አያውቅም። ቀለብ አልተቆረጠላትም። ተሟጋቾች በማር ይወራረዳሉ፣ የተረታው ማሩን ለዳኛዋ ያገባል። (ጥንት በእኛም አገር ማር፣ ፈረስ፣ በቅሎ እያስያዙ ሲሟገቱ ውርርዱ የዳኛው ገቢ ነበርና አራዊቱን ለመውቀስ አንቸኩል።) ዋል አደር ሲል ግን ማር የሌላቸው የሚዳቋና የድኩላ ጉዳይ ሁልጊዜ ለሌላ ቀን ይቀጠር ጀመር። ባለቀፎ ሲከሰስ ደግሞ የኤሊ ሆድ ሽንፈቱን ይመኛል።

አንበሳ «ይህማ ነውር ነው፤ ዳኛዬን እኔ እቀልባታለሁ» አለ። ወር በገባ ቁጥር አንድ እንቅብ ጎመን ከጓዳው ይላክላት ጀመር። በኋላ ጎሽ በውሃ ዳር ይዞታ አንበሳን ከሰሰው፤ ኤሊ ለጎሽ ፈረደች። አንበሳ አልተቆጣም፣ እንዲያውም «ፍርድ ነው» ብሎ ተቀበለ። የወሩ ጎመን ግን ዘገየ። የሚቀጥለው ወር ግማሽ እንቅብ መጣ፣ ያውም የጠወለገ። ከዚያ ወዲህ ኤሊ ፍርድ ከማሰማቷ በፊት አንገቷን አውጥታ የጓዳውን መንገድ ታያለች።

ሸንጎ ተጠራ። ከየመኸሩ ተዋጥቶ በአንድ ጎተራ እንዲቀመጥ፣ ዳኛዋ በወንበሯ እስካለች ቀለቧ እንዳይቀነስ፣ ጎተራውንም ከሸንጎው በቀር ማንም እንዳይከፍት ተወሰነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት ራሱ ለተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ሲጸድቅ ያስተዳድራል እንደሚለው መሆኑ ነው። ኤሊ መንገዱን ማየት ተወች።

መዝገብ ቤቱን ያሰበ ግን አልነበረም። መዝገብ ያዧ አይጥ፣ መጥሪያ አድራሹ ውሻ ናቸው፤ ከጎተራው አንዲት ፍሬ አልወጣላቸውም። ውሻ መጥሪያ የሚያደርሰው አጥንት ለወረወረለት ሆነ። አህያ ስለ ተበላው ውርንጭላዋ በጅብ ላይ ያቀረበችው ክስ ለፍርድ በተቀጠረበት ቀን ደግሞ መዝገቡ ታጣ። አይጥ ስትጠየቅ፣ «ጌቶቼ፣ የተጻፈው በኮባ ቅጠል ላይ ነበር፤ ሌሊት ራበኝ» አለች።

ስለ አይጥ ቀለብ ሲመከር ቀድሞ የተነሳው ጅብ ነው። «ጎተራው የጋራችን ነው፤ ይቺን ለምታህል ፍጥረት ምን ይሰፈርላታል?» እያለ ስለ ቁጠባ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ያጨበጨቡለትም ነበሩ። አህያ ታግሣ ሰማችውና «የተበላው መዝገብ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ለአይጥ በወር አንድ ቁና፣ ለውሻም በልኩ ተቆረጠ። የጅብ ጉዳይ ምስክር እንደ አዲስ እንዲሰማበት ለማክሰኞ ተቀጠረ።