ፈሩልኝ፣ ፈሩኝ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ዓለም በሁለት ነገር ተስማማ። አንደኛው ሽማግሌ ከቤት አይውጣ፣ ሁለተኛው ሽማግሌ አያጉረምርም። አንደኛውን በግድም ቢሆን ፈጽሜያለሁ። ሁለተኛውን የሚያስፈጽመኝ ግን ገና አልተወለደም።

ሜሪላንድ የሄድኩት ልጄን አራስ ልጠይቅ ነው። እናቷን ቪዛ ከልክለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ገንፎ ማገንፋት የምትችለው ቀርታ መብላት ብቻ የሚችለው ሄደ ማለት ነው። ይሁን ብዬ የልጅ ልጄን ታቅፌ ስቀመጥ ኮሮና መጣ። ከዚያ ወዲያ “አባዬ በሩን አትክፈት”፣ “አባዬ ሕፃኑን አትሳም”፣ “አባዬ ይሄ በሽታ የሚጨክነው በአንተ ዕድሜ ላይ ነው” ሆነ። አሜሪካኖቹ ደግሞ በየመደብሩ ሶፍት ይናጠቁ ጀመር። ሳል ለሚያመጣ በሽታ ሶፍት ምን ያደርጋል ብዬ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ እስካሁን አልመለሰልኝም። አገሬ ልግባ አልኩ። መሞትም ካለ እድር ስከፍል የኖርኩት እዚያ ነው።

ቦሌ ስወርድ ነገሩ ተገለበጠ። ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰ፣ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ልጅ ሽጉጥ መሳይ ነገር ግንባሬ ላይ ደቀነ። ስንት መንግሥት አልፌ፣ ግንባሬ ላይ የተደቀነብኝ የመጀመሪያው መሣሪያ ሙቀት መለኪያ ሆነ። “ደህና ነዎት፣ ይለፉ አባቴ” አለኝ። “ይለፉ” ሲለኝ ወደ ቤቴ መስሎኛል። ለካ ወደ አውቶቡሱ ነው! ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ ተወስኖ ነበር። በራሱ ወጪ! ወህኒ ቤት እንኳ ቀለብ ይሰፍራል።

እዚያ ማዶ ፈሩልኝ፤ እዚህ ፈሩኝ። ትናንት እኔን ከበሽታው ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ አገሩን ከእኔ ይጠብቃሉ። መሀል ላይ የሆነው ነገር ቢኖር አውሮፕላን ውስጥ ማንቀላፋቴ ብቻ ነው።

አራስ ልጠይቅ ሄጄ እኔው አራስ ሆኜ አረፍኩት። መጋረጃው ወርዶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ምግብ እስከ ደጃፍ እየመጣልኝ። የጎደለው ገንፎውና ጠያቂው ነው። ምግብ አምጪው በሩን አንኳኩቶ ይሮጣል። እኛ በልጅነታችን የሰው በር አንኳኩተን ስንሮጥ ኩርኩም እንቀምስ ነበር፤ ይኸኛው ደመወዝ ይከፈለዋል። በመጀመሪያው ጧት እንቁላል ላኩልኝ፤ በሁዳዴ! ወደ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ደውዬ ልጅቷን “ልጄ፣ ጾመኛ ነኝ” ብላት ይቅርታ ጠይቃ ፓስታ በቲማቲም ላከች። ከዚያ በኋላ ምሳውም ራቱም ፓስታ በቲማቲም። አባቴ በጣልያን ወረራ አምስት ዓመት በረሃ የከረመው ለዚህ ነበር?

ቡናውስ ብትሉ፣ በወረቀት ኩባያ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ አንድ ብቻ። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን እጠብቃለሁ፤ ማን ያምጣው? ቡና ለብቻው የሚጠጣ ሰው ድሮ በሰፈር ይታማ ነበር። አሁን የሚያማኝ እንኳ አጠገቤ የለም።

ሙቀቴን የምትለካ አንዲት ነርስ ነበረች። “ለምን 14 ቀን ሆነ?” አልኳት። “አባባ፣ ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአምስት ቀን ገደማ ይታያል” አለችኝ። “እንግዲያው በአምስተኛው ቀን ልቀቂኛ!” “ብዙ ጊዜ ነው እኮ ያልኩት፣ አባባ።” ይቺ ልጅ ጠበቃ ነበር መሆን የነበረባት።

አያቴ የኅዳር በሽታን በዓይኗ አይታለች። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሬሳ የሚያነሳ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሲያልቅ፣ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር የተረፉት። ይኸው መቶ ዓመት አልፎም ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ሰብስበን ከተማውን በጭስ እናጥናለን። ለኮሮና ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ያገለገለ ማስክ ያጤሱ ይሆናል። አያቴ ታሪኩን ስታወራ ሁልጊዜ የምታቆመው አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ “በሽታው ሲገባ በር የዘጋበት አልነበረም” ትላለች። ይህን ለነርሷ አልነገርኳትም። ይዛ ትከራከረኛለቻ!

ስልኩም አላሳረፈኝም። አንዱ ወዳጄ ፌጦ በሎሚ ጠጣ ይለኛል፤ ፌጦ ሆቴል ውስጥ ከየት ይመጣል? መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ ሲባል ደግሞ የእድራችን ዳኛ ደወሉ። “አደራ፣ በዚህ ሰሞን እንዳይሞቱብን።” ነገሩን አሰላሁት። ቃሬዛውን የሚሸከሙት አራት ናቸው፤ ታዲያ ማን ያልቅስ? ለቀብር የተለየ ፈቃድ እንዳለ የሰማሁት በኋላ ነው። እስከዚያው ላለመሞት ቆርጬ ነበር።

አንድ ማታ በቴሌቪዥን ከሳውዲ የተባረሩትን ልጆች አየሁ። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ነው ለይተው ያስቀመጧቸው፤ ላባቸውን አፍስሰው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ልጆች። የዚያን ዕለት ፓስታዬን ሳላጉረመርም በላሁ። የዚያን ዕለት ብቻ።

የተለቀቅኩት በሰሞነ ሕማማት ነው። ባለቤቴን ከበራችን ላይ ሳያት እጄን ዘርግቼ ሄድኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

“ምነው? ጨረስኩ እኮ! ነፃ ነህ ብለውኛል!”

“ሕማማት ነው፤ መሳሳም የለም።”

እውነቷን ነው። ይሁዳ ጌታውን ስሞ አሳልፎ ስለ ሰጠ በዚያ ሳምንት አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም።

“እሺ፣ ለፋሲካስ?”

“ለፋሲካ ኮሮና ነው” አለችና ጃኬቴን በእንጨት አንጠልጥላ ወስዳ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።