የስታዲየም ሰፈርን በአንድ ቀን የመቆለፍ ዘዴ

በወላይታ ሶዶ ስታዲየም ዙሪያ የመኪና ማቆሚያ እንዲያስተናብሩ ተመድበዋል እንበል። እንኳን ደስ አለዎ! የሰፈሩ ሰው እንዲማረርብዎ ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ።

አንደኛ፣ በዓሉ ድንገት ይድረስብዎ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ አባቶች ጨረቃ ቆጥረው ቀድመው ያውቁታል። እርስዎ ግን ስብሰባውን ቅዳሜ ማታ ይጥሩ፤ ማስታወቂያውን እሑድ ረፋድ፣ መንገዱ ከሞላ በኋላ ይለጥፉ።

ሁለተኛ፣ ነዋሪውን አያማክሩ። ለበሬ ሲቆጥብ የከረመ አባወራ የሥጋ ድርሻውን ተሸክሞ ሲመጣ በራፉ ላይ ሚኒባስ ተገትሮ ያግኘው። «ሾፌሩ የት ነው?» ካለዎ ወደ ስታዲየሙ ይጠቁሙትና «ግባና ፈልገው» ይበሉት።

ሦስተኛ፣ ፊሽካ ለሁሉም ያድሉ። አንዱ «ግባ!» ሌላው «ውጣ!» ይበል። ክፍያ ይሰብስቡ፣ ደረሰኝ ግን አይቁረጡ። በገዛ ደጁ ያቆመውንም ያስከፍሉ፤ በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው።

አራተኛ፣ ብልጥ ሐሳብ አይስሙ። «መኪናው ራቅ ካለ ሜዳ ይቁም፣ እንግዳውን ባጃጅ ያመላልሰው» የሚል ሰው ይመጣል። ባጃጁ ገቢ ሊያገኝ፣ መንገዱም ሊከፈት ነውና በጊዜ ያስቁሙት። ለአምቡላንስ መስመር ይተው ቢልዎ «በበዓል ማን ይታመማል?» ይበሉት።

አምስተኛ፣ ግርግሩን ለሌላ ከተማ ይላኩ። ይህኛው ተሞክሮ የሠራ ነው። የከተማው እግር ኳስ ቡድን ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው ሐዋሳ ላይ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲዘዋወር ደጋፊው ቡድኑን በቴሌቪዥን መከታተል ለመደ። ጨዋታ ከሌለ የፓርኪንግ ጣጣ የለም!

ቅር የሚያሰኘው ነገር ጊፋታን ወደ ሐዋሳ መሸኘት አለመቻሉ ነው። ሶዶም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት፤ ስብሰባውም እንግዳውም መኪናውም ወደ እሷ ይጎርፋል። ስለዚህ ምክሬ ካልሠራልዎ የሚቀርዎ አሰልቺው መንገድ ነው፦ ከሳምንት በፊት ለነዋሪው መንገር፣ በራፉን በኖራ ማስመር፣ ለአምቡላንስ መስመር መተው፣ ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ መስጠት። ቀኑ ይታወቃል፣ ኖራም ውድ አይደለም፤ ከአሁኑ ይጀምሩ።