የጋኒባል ጉልት

ፔትሮቭስኮዬ በሩሲያ ፕስኮቭ ክፍለ ሀገር፣ ኩቻኔ ከሚባል ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሐበሻ ነው እያልን የምንኮራበት፣ የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ አብራም ጋኒባል፣ ጉልቱ እዚህ ነበር። በ1742 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነመንደሮቹና ከነገባሮቹ ሰጠችው። ሲሞት ልጆቹ ተካፈሉት፤ ሚካይሎቭስኮዬ ለፑሽኪን አያት ለኦሲፕ፣ ፔትሮቭስኮዬ ለፒዮትር ደረሰ።

ይህን ጉልት በእግሬ ላዳርስ ብዬ የሄድኩት በረዶው በሚቀልጥበት በሚያዝያ ነው። ሶሮት የሚባለው ወንዝ በረባዳ ሜዳ ላይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በበጋ ሣር የሚታጨድበት መስክ ያን ጊዜ ውሃ ተኝቶበታል። የዱሮ ሰዎች ጉብታ ጉብታውን ለምን እንደመረጡ የገባኝ እዚያ ነው። ወንዙን ቁልቁል የሚያየው የቮሮኒች ምሽግ የፕስኮቭን ድንበር ሲጠብቅ ኖሮ በ1581 የፖላንዱ ንጉሥ ስቴፋን ባቶሪ ያዘው።

ከሚካይሎቭስኮዬ በሐይቁ ዳር የያዝኩት መንገድ መሐል ላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ነጥቆ አስቀረው፤ ዝናቡም ያዘኝ። ከሩቅ ያዩኝ አንዲት ባልቴት «ልጄ! በዚያ አይደለም፣ በጫካው በኩል ነው!» እያሉ ጮኹልኝ። ቤታቸው አስገብተው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ፣ ትኩስ ሻይ ቀዱልኝ፣ የሟች ባላቸውን የጎማ ቦቲ አወጡልኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «የጋኒባል አገር ሰው!» አሉ።

ጋኒባል ራሱ በ1742 በጻፈው ማመልከቻ የተወለደበትን ከተማ ላጎን ይለዋል። ቦታውን ወደ ሰሜን፣ ወደ መረብ ማዶ የሚወስዱት አሉ፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ ካሜሩን ውስጥ ነው የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ ክርክር ልቤ አይሞቅም። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ሕፃን ሆኖ ተማርኮ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ፤ ከዚያ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤት መጣ፤ መሐንዲስ ሆነ፣ ጄኔራል ሆነ። መጨረሻው ደግሞ የሰው ባለቤት መሆን ነበር። የቤታቸው አሮጌ አገልጋይ ለፑሽኪን ታሪክ ጸሐፊ ለአኔንኮቭ እንደነገረው፣ ጋኒባሎች ሲቆጡ ገባሮቻቸው ተገርፈው በአንሶላ ተይዘው ይወጡ ነበር። ይህን እየተውን ማዕረጉን ብቻ መቁጠራችን ልክ አይመስለኝም።

ባልቴቷ የነገሩኝ ስለ ጌቶቹ አልነበረም። የፔትሮቭስኮዬ የጌቶች ቤት በ1918 ተቃጥሎ በ1977 እንደገና መሠራቱን መጽሐፍ ሁሉ ይጽፈዋል። ጀርመኖች በ1944 ሲባረሩ የመንደሩ ሰው ግን ቤት አልነበረውም። እናታቸው መሬት ቆፍረው፣ በላዩ ግንድ ረብርበው፣ ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር አሳለፉ።

«ከዚያ በፊትስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ በፊትማ የጋኒባሎች ነበርን» አሉኝ፣ ሻዬን እየሞሉ። ገባርነት በ1861 ቀርቷል፤ እሳቸው ግን «ነበሩ» ሳይሆን «ነበርን» ነው ያሉት። የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ጠየቅኋቸው። እስከ አያታቸው እናት ድረስ ቆጠሩልኝና ከዚያ ወዲያ አላውቅም አሉ። እኔም የቆጠሩልኝን አንድ በአንድ ጻፍኩ።