ባሕርን በሳሎን ለማቋቋም የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በወልድያ የምትነግድ፣ በመርሳ ፍራፍሬ የምትለቅም፣ በሐብሩ ከውርጌሳ እስከ ስሪንቃ ሞፈር የጨበጥህ ሁሉ፣ ጆሮህን ስጥ!

የባሕር በር ነገር በየቡናው ላይ ሲነሣ ሲወድቅ ከርሞ ሲኒ ከማስጨረስ ያለፈ ውጤት ያላመጣ በመሆኑ፤ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዝቶ በሳሎኑ ባሕር ለሚያቋቁም ሰው ግን የሚሟገተው ጎረቤት አገር አለመኖሩ ስለተረጋገጠ፤

ቀይ ባሕርም ቢሆን ለእኛ ባዳ ባለመሆኑ፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ገስግሶ የደናክልን ዝቅተኛ ምድር ሞልቶ፣ ኮራል አስፍሮ፣ ኋላ መግቢያው ሲዘጋበት እዚያው ደርቆ ጨው ሆኖ በመቅረቱ፣ የዚያ ኮራል ድንጋይም ዛሬ ድረስ በአፋር በረሃ ዳር ቆሞ የሚታይ በመሆኑ፤ በአሞሌ መልክም ግመል ላይ ተጭኖ ለዘመናት ወደ ደጋው ሲወጣ የኖረ በመሆኑ፤

ባለሁለት መቀነቱን የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ በ1830 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስመዘገበው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከሁለት ዓመት በኋላ በምጽዋ በኩል ጎንደር ሲገባ፣ በእንደራሴነት ወንበሩን የያዙት የየጁው ራስ ዓሊ ሆነው በመገኘታቸው፣ ዓሣው በዝምድና የየጁ መሆኑ ግልጽ ስለሆነ (ከተሰብሳቢዎች አንዱ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ ጠይቆ ቡና ተደግሞለታል)፤

እኛ በበረካው ላይ የተገኘን፣ ማንም ያልመረጠን፣ ማንም ያልከለከለን፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የሳሎን ባሕር ማቋቋሚያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም፤ ቁጥር የሚሰጠው ሰው ፊልድ ወጥቷል።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ባሕር» ማለት ከቴሌቪዥኑ ጎን የሚቆም ነገር ነው። «ኮራል» ማለት ተክል የሚመስል፣ ድንጋይ የሚያክል፣ ግን እንስሳ የሆነ ፍጡር ነው። «ባለሙያ» ማለት ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿን ሳሎን ባሕር መስታወት ስትወለውል፣ ውሃውን ስትለካ፣ ዓሣውን ስታበላ የኖረች፣ አሁን መርሳ የገባች እህታችን ናት። በጉባኤው ድምፅ የላትም። ቡናውን የምታፈላው ግን እሷ ናት።

አንቀጽ 3። ገንዳው ውሃው፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲደመር ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። ስለሆነም ማንኛውም ነዋሪ ቡፌው ላይ ከማስቀመጡ በፊት ቡፌው ሦስት ኩንታል ጤፍ ይችል እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መስኮት ሥር ማስቀመጥም ክልክል ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ባሕሩን በአንድ ወር ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይወርሰዋል።

አንቀጽ 4፣ ስለ ጨው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ለሁለት መቶ ሊትር ሰባት ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሲነገር ጉባኤው በደስታ ተነሣ፤ ሰባት ኪሎ የአፍዴራ ጨው ከማንም ሱቅ ይገኛልና። «አገር በቀል ግብዓት» የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤው ሁለት ጊዜ ሰፍሮ ሦስተኛው ሊጻፍ ሲል፣ ባለሙያዋ ጀበናዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ እሱ ወጥ ያጣፍጣል እንጂ ዓሣ አያኖርም» አለች። ጅዳ ሳለች ጨው የሚመጣው በባልዲ ታሽጎ እንደነበር፣ ማታ በጥብጣ ፓምፕ አስገብታበት ሲዞር አድሮ ጠዋት ለክታ እንደምትጨምረው አስረዳች።

ጉባኤው ነገሩን መርምሮ ልክ ሆና አግኝቷታል። ባሕር ሲደርቅ እኩል አይደርቅም። መጀመሪያ ኖራው ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ ካልሲየሙ ጂፕሰም ሆኖ ይወርዳል፤ ከዚያ እኛ ጨው የምንለው ይጋገራል፤ ማግኒዚየሙና ፖታሹ መጨረሻ ድረስ በውሃው ውስጥ ይቆያሉ። በዳሎል ከጨው ሌላ ፖታሽ የተገኘውም በዚሁ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ከድስታችን የሚገባው ጨው የባሕሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው መንገድ ላይ ቀርቷል። ኮራል ደግሞ አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ ወደ 1,300 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ካላገኘ እድገቱ ይቆማል። ስለዚህ ለኮራል ተብሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ ይገባል። የጨው አገር ጨው ከውጭ ማስገባቱ ለሚያስቀው ሰው መሳቅ ተፈቅዷል።

የጨውነቱ ልክ በሪፍራክቶሜትር 1.025 ወይም 1.026 ሆኖ ይነበባል። በጣት እየነከሩ መቅመስ የተከለከለ ሲሆን፣ የተከለከለውም ጉባኤው ከቀመሰ በኋላ ነው።

አንቀጽ 5፣ ስለ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ሌላ ሌላም ይዞ ስለሚመጣ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ግን አንድ ሊትር ለመስጠት ሦስት አራት ሊትር ይጥላል፤ ገንዳውን ለመሙላት ብቻ ከአርባ እስከ ሃምሳ ቢጫ ጀሪካን ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚያደርግ ሰው ከጎረቤት ጋር የሚኖረውን ግንኙነት አዋጁ ሊያስተካክልለት አይችልም። ቢያንስ ማጣሪያው የጣለው ውሃ ልብስ ለማጠብ ደህና ነውና፣ ባልዲው በር ላይ ይቀመጥ፤ የፈለገ ይውሰድ።

ከገንዳው ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የጎደለው በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሞላል። በጨው ውሃ የሞላ ሰው ሳያስበው የራሱን ደናክል እያቋቋመ ስለሆነ በሌላ አዋጅ ይዳኛል።

አንቀጽ 6፣ ስለ አየርና ሙቀት። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። መርሳ ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ስላለች ትንሽ ይሻላታል፤ የመርሳ ተወካይም ይህንን በቃለ ጉባኤው ላይ በደማቁ አስጽፏል። ለማካካስ ፓምፑ የውሃውን ገጽ ሁልጊዜ ማነቃነቅ አለበት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው፤ ለወልድያ ሌሊት ሂተር፣ ለሐብሩ ቆላ ቀትር ማራገቢያ ተመድቧል። ስኪመር የሚባለው ዕቃ ደግሞ አየር እየነፋ የውሃውን እድፍ እንደ ጠላ አረፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። አረፋው ይደፋል፤ ስለ ሽታው ባለሙያዋ ስትጠየቅ ርዕሱን ቀይራለች።

መብራት ሲሄድ ዓሣውን ቀድሞ የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ትንፋሽ ማጣት ነው። ለዚህ በአቤቱታ ደብዳቤና በባትሪ በሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መካከል ሰፊ ክርክር ተደርጎ፣ ፓምፑ በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸንፏል። ዓሣ ሰፈሩ በልጆች ጩኸት «መጣ!» እስኪል አይጠብቅም።

አንቀጽ 7፣ ስለ ባክቴሪያዎች የመቶ ቀን ዕቅድ። ይህ አንቀጽ ጉባኤውን ከሁሉ በላይ ያደከመ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦ «ገንዳው በአንደኛው ቀን ይሞላል፣ በሁለተኛው ቀን ሃያ ዓሣ በንቅናቄ ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ክቡራን እንግዶች በተገኙበት ሪባን ይቆረጣል።» ባለሙያዋ «በአራተኛው ቀንስ?» አለች። በአራተኛው ቀን የሚሆነውን ራሷ ነገረችን፤ ሃያውም ይሞታሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓሣ የሚወጣው እዳሪና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣን በጥቂቱም ይገድላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን በልቶ ናይትራይት ያደርገዋል፤ ያም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ ይሄኛው ካልበዛ አይጎዳም፣ ሲበዛም ውሃ በመቀየር ይቀነሳል። ባክቴሪያዎቹ የሚሰፍሩት በአሸዋውና በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 እ.ኤ.አ. ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይና የአየር ነፋሽ ብቻ ይዞ ኮራል ማኖር እንደሚቻል ለዓለም ያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ፣ ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ዕቅድ አይቀበሉም። ግንዛቤ ማስጨበጫ አይወስዱም። አበል አይጠይቁም፤ ስብሰባ ጠርተውም አያውቁም፤ ሥራቸውን የሚጨርሱት ለዚህ ይሆናል የሚል አስተያየት ተሰንዝሮ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ተደርጓል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሪፖርት የሚጻፈው በመመርመሪያ ብቻ ነው። አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ በትንሿ ብልቃጥ ይቀዳል፤ ከመጀመሪያው ጠርሙስ ስምንት ጠብታ፣ ከሁለተኛው ስምንት ጠብታ ይንጠባጠብበታል፤ ይናጣል፤ አምስት ደቂቃ ተጠብቆ ቀለሙ ከነጭ ወረቀት ጋር ይታያል። ቢጫ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ የለም። አረንጓዴ ከሆነ አለ፤ አረንጓዴው በጠቆረ ቁጥር ብሷል። ይህ በግልጽ የተጻፈው የጉባኤው የዕቅድና ክትትል ኃላፊ ለሙከራ የተሞላውን ገንዳ ውጤት «አፈጻጸሙ አረንጓዴ ላይ ይገኛል» ብሎ ሪፖርት ካደረገና ምስጋና ከተቸረው በኋላ ነው። «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ሐረግም ከዛሬ ጀምሮ ስለ ውሃ አይጻፍም።

አንቀጽ 8፣ ስለ ዓሣ ሰፈራ። በመጀመሪያ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ሸርጣን ይገባሉ፤ አልጌ ይለቅማሉ። ከዚያ ልጆች «ኒሞ» የሚሉት ክላውንፊሽ፣ ሁለት ብቻ። ሌላው ሳምንታት እየቆጠረ አንድ በአንድ፤ ባክቴሪያው ለተጨመረው አፍ እስኪበቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ክላውንፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ይጀምራል። ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል፤ እሷ ስትሞት ባሏ በተራው ሴት ሆኖ ቤቱን ይመራል። የቀበሌ መታወቂያ ጉዳይ ሲነሣ የጾታው ቦታ በእርሳስ እንዲሞላ ተወስኗል።

የሐይቅ ቆሮሶ ከተጠበሰ በኋላ ካልሆነ ወደ ሳሎን አይገባም፤ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ነው። በጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ የሚኖሩ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ትንንሽ ዓሦች አሉና «እነሱን በአገር ልጅነት እናስቀድም» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ሌላ ቤት የላቸውም፣ ተዉአቸው» ብላ ባለሙያዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራለች፤ ጉባኤውም ያለ ድምፅ አሰጣጥ አልፎታል።

ከጅቡቲ የሚመጣ ዓሣ በሚሌ፣ በጭፍራና በሐራ በኩል፣ ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ወልድያ ይገባል። ከአዋሽ ይመጣል የተባለውን ባቡር መጠበቅ የፈለገ ዓሣ መብቱ ነው፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን የሚበቃው ለአንድ ሁለት ቀን ነው። እንደደረሰም ወደ ገንዳው አይወረወርም። የገንዳው ውሃ በቀጭን ቱቦ እየተንጠባጠበ አንድ ሰዓት ያህል ይለማመደዋል።

አንቀጽ 9፣ ስለ ኮራል። ኮራል በሥጋው ውስጥ አልጌ አስጠግቶ ይኖራል፤ አልጌው በብርሃን ምግብ እየሠራ ያቀብለዋል፤ ኮራሉም መጠለያ ይሰጠዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ያስወጣዋል፤ ራሱም ይነጣል፣ ከዚያም በረሃብ ያልቃል። አልጌው ብርሃን ስለሚፈልግም መብራቱ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይበራል። ሰማያዊ በመሆኑ ጎረቤት ሠርግ ያለ ቢመስለው ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

ድንጋያማ ኮራል ድንበር የሚሻገረው ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1981 ዓ.ም. ስለሆነ «አልሰማሁም» ማለት አይቻልም። የተሻለው መንገድ ቁራጭ ማባዛት ነው። ከአንድ ኮራል ጣት የምታክል ቁራጭ ተቆርጣ ድንጋይ ላይ ብትጣበቅ ሌላ ኮራል ትሆናለች። በመሆኑም የኮራል ዕቁብ ተቋቁሟል። ዳኛዋ ባለሙያዋ ናት፤ በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንዲኖራት ግድ ሆኗል።

አንቀጽ 10። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከገንዳው አሥር በመቶ ያህል ውሃ ይቀየራል። የወጣውን የጨው ውሃ በመርሳ ማንጎና ብርቱካን ሥር ያፈሰሰ፣ «ውሃ ነው መስሎኝ» ቢል እንኳ፣ ከዕቁቡ ይሰረዛል፤ ዛፉ ቢደርቅ ደግሞ ሽማግሌ ይላክበታል።

አንቀጽ 11። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ልማድ፣ መመሪያ ወይም የቡና ላይ ፉከራ ተሽሯል።

አንቀጽ 12። አዋጁ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ይጸናል የሚለው ተሠርዞ፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ከተነበቡበት ቀን ጀምሮ ይጸናል በሚል ተተክቷል። ብልቃጡን የምታነበው ባለሙያዋ ናት። እስከዚያ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ስለሆነ እንግዳ መጥቶ «ዓሣው የታል?» ሲል ቡና ይቀርብለት።