ይድረስ ለቲኬት ዋጋ ቆራጮቻችን

ለአሜሪካ የአገር ውስጥ አየር መንገዶች የገቢ አስተዳደር ክፍሎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

እኔ ቨርጂኒያ የምኖር፣ ዘመድ ወዳጆቼ ግን ከአትላንታ እስከ ሲያትል የተበተኑብኝ መንገደኛ ነኝ። ሠርጉ ዳላስ ነው፤ ክርስትናው ሚኒያፖሊስ፤ ለቅሶው ዴንቨር። ጁላይ ሲመጣ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ፤ ኳስ ለማየት ሳይሆን እርስ በርስ ለመተያየት የምንሄድበት። በዚህ ሁሉ የተነሳ አንዳችሁም ሳትቀሩ ኪሴን ታውቁታላችሁ፤ እኔም ወንበራችሁን አውቀዋለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ለእናንተ እንዲመች ብዬ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠይቅም።)

ሰው ሁሉ “የትኛው ይሻላል?” ይለኛል። ድሮ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ሻንጣ የሚበዛበት በሳውዝዌስት ይሂድ፣ እግሩ የሚረዝም ጄትብሉን ይያዝ፣ ገንዘብ ያጠረው ስፒሪት ላይ ይውጣና ጸሎት ያብዛ እል ነበር። ዛሬ ግን ጠያቂዬን አስቀምጬ ሻይ አቅርቤ ማስረዳት ይኖርብኛል። ልዩነታችሁን እንዲህ በጥበብ ስላጠፋችሁልን ምስጋና ይገባችኋል።

ውለታችሁን ከሥሩ ልጀምር። እስከ 1978 ድረስ የቲኬት ዋጋ የሚወስነው የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ የተባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ዋጋው የተወሰነ ስለሆነ ኩባንያዎቹ የሚፎካከሩት በምግብና በመስተንግዶ ነበር፤ ተስተናጋጁ ግን ያው ባለገንዘቡ ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ገበያውን ነጻ የሚያወጣውን ሕግ ፈረሙ፤ ዋጋም በእርግጥ ወረደ። ይህን በሽሙጥ አልናገርም። ታክሲ የሚነዳ ሰው ዓርብ ማታ ተነሥቶ፣ ሎስ አንጀለስ ያለ ወንድሙን ጠይቆ፣ ሰኞ ጠዋት መሪው ላይ የሚገኘው በዚያ ሕግ ምክንያት ነው።

ከዚያ እናንተ አንድ ነገር ደረሳችሁበት። መንገደኛ ዋጋ የሚያነጻጽረው ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ባየው ቁጥር ነው። እንግዲያው ከዚያ ቁጥር ውስጥ ሊወጣ የሚችለው ሁሉ ይውጣ፣ ኋላ ለብቻው ይሸጥ! በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያዋ ሻንጣ 15 ዶላር ሲጠይቅ ነዳጅ ተወዶ ነው ተባልን፤ አመንን። ዓመቱ ሳያልቅ ነዳጁ ረከሰ። 15 ዶላሯ ግን አልተመለሰችም፤ ዛሬ በትልልቆቹ ዘንድ 35 ዶላርና ከዚያ በላይ ሆና፣ ታናሿን የሁለተኛ ሻንጣ ክፍያ አስከትላ ትኖራለች። ነገሩ ሌላም በረከት አለው። የፌዴራል መንግሥት ከአገር ውስጥ ቲኬት ዋጋ ላይ 7.5 በመቶ ግብር ይወስዳል፤ ከሻንጣ ክፍያ ላይ ግን አይወስድም። በእኛ አገር ባለቅኔ ሰሙን ለሕዝብ ሰጥቶ ወርቁን ለአዋቂ ይተዋል። እናንተ ሰሙን ለግብር ሰብሳቢው ሰጥታችሁ ወርቁን ለራሳችሁ ያስቀራችሁ የመጀመሪያዎቹ ባለቅኔዎች ናችሁ።

በ2010 ስፒሪት ከራስ በላይ ለሚቀመጠው ሻንጣ ሳይቀር ማስከፈል ሲጀምር ጩኸት ሆነ፤ ሴናተሮችም ተቆጡ። ዩናይትድ በርካሹ ቲኬቱ ለአገር ውስጥ በረራ ያችኑ ሻንጣ ይዞ መግባትን ሲከለክል ግን ጩኸቱ ብዙ አልቆየም። ሰው ይለምዳል፤ ይህንንም ቀድማችሁ ያወቃችሁት እናንተ ናችሁ። በኖቬምበር 2024 የወጣ የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርት እንደሚለው፣ አምስታችሁ ብቻ ከ2018 እስከ 2023 ድረስ ከወንበር ክፍያ 12.4 ቢሊዮን ዶላር ሰብስባችኋል። በዚያው ሪፖርት መሠረት ፍሮንቲየርና ስፒሪት በ2022 እና በ2023፣ ከልክ ያለፈ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ላጋለጡ የበር ሠራተኞችና መሰሎቻቸው 26 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ከፍለዋል።

ስሙን በማልጠራው ኩባንያ በር ላይ ከፊቴ የተሰለፉ አንዲት እናት ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞላቸው፣ ውቅያኖስ አሻግሮ ደለስ አየር ማረፊያ አድርሷቸዋል። ከደለስ ኦሃዮ ለምትሆን አጭር በረራ ለሁለቱም ሻንጣዎች እንደ አዲስ ከፍለዋል። አሁን በእጃቸው የቀረችው አንዲት ትንሽ ሻንጣ ናት። ሠራተኛዋ ወደ መለኪያው የብረት ሣጥን ጠቆመቻቸው። ሻንጣዋ ገባች ገባችና ጎማዎቿ ላይ ቆመች፤ አንድ ጣት ያህል ቀራት። እማማ ለሻንጣዋ ተንበረከኩና ዚፑን ከፈቱ። ጋቢውን አውጥተው ተከናነቡ። ለልጃቸው የገዙትን የቆዳ ጃኬት በጋቢው ላይ ደረቡ። በፌስታል የተጠቀለለው በርበሬ ብብታቸው ሥር ገባ። “ልጄ፣ ይቺን ያዝልኝ” ብለው የቆሎውን ከረጢት ለእኔ ሰጡኝ። ሻንጣዋ ሣጥኑ ውስጥ ሸርተት አለች። አውሮፕላኑ ላይ ከተጫነው ክብደት አንዲት ግራም አልቀነሰም፤ ሕጋችሁ ግን ተከበረ። እማማም ቂም አልያዙም፤ ከረጢቱን መልሰው ተቀብለው ለሠራተኛዋ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘገኑላት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ግን ስለ ሳውዝዌስት ነው። ይህ ኩባንያ በ1971 ቴክሳስ ውስጥ መብረር ከጀመረ ወዲህ እልኸኛ ሆኖ ኖረ። ወንበር አይመድብም፤ በቁጥር ተሰልፈህ ገብተህ ያገኘኸው ላይ ትቀመጣለህ። ሁለት ሻንጣ ያለ ክፍያ ይጭናል። የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ሬገን አየር ማረፊያን በአፍንጫው ሥር ትቶ እስከ ባልቲሞር የሚነዳው ለዚህ ነበር። አንደኛው ሻንጣ የልብስ ነው፤ ሁለተኛው በረዶ እስኪሆን ፍሪዘር ውስጥ ያደረ ዶሮ ወጥ ነው። ሚኒያፖሊስ ያለች አራስ ከባልቲሞር የመጣ ወጥ ስትበላ፣ ጫኙ ሳውዝዌስት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። በዲሴምበር 2022 የሠራተኛ ምደባ ሥርዓቱ ተዝረክርኮ ከ16 ሺህ በላይ በረራ ሲሰርዝና ሕዝቡን በገና ሰሞን ወለል ላይ ሲያሳድር እንኳ ይቅር አልነው። በዓመቱ መንግሥት 140 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ እኛ ግን ምን ይሁን፣ ሻንጣ አያስከፍልም አልን። ኋላ ኤሊዮት የተባለው ባለሀብት ድርጅት አክሲዮን ገዝቶ ገባና “ምነው እንደ ሰው አትሆንም?” አለው። ከሜይ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ለተገዙ ቲኬቶች ሻንጣው ተከፈለበት፤ ከጃንዩዋሪ 27 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ወንበሩ ተመደበ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለብቻው የኖረውን ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእናንተ ጋር አንድ አደረጋችሁት።

ስፒሪት ደግሞ ከጄትብሉ ጋር በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ልጋባ ቢል፣ በጃንዩዋሪ 2024 ቦስተን ያሉ ዳኛ ርካሽ ቲኬት ለሚፈልገው ደሃ አዝነው ከለከሉት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ በኦገስት 2025 ደገመው። አብዛኛው የአገር ውስጥ ገበያ በአራቱ ትልልቆች እጅ ነው። የቀረውን ልዩነታችሁን ልቁጠር ብል ብዙ አይቆይም። ዴልታ ብስኩት ይሰጣል፤ ብስኩቱ ጥሩ ነው። ፍሮንቲየር ውኃ ይሸጣል፤ በ2022 መገባደጃ ላይ የደንበኞችን የስልክ መስመር ስለዘጋ ያኔ ስለ ውኃው መጨቃጨቅም አልተቻለም። ክሬዲት ካርድ የማይሸጥ ከመካከላችሁ አላየሁም። ዴልታ በ2024 ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ብቻ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል፤ በዚህ ሒሳብ እኛ መንገደኞች ለካርዱ ማስታወቂያ የተሰበሰብን ታዳሚዎች ነን።

አሁን ወደ ጭንቁ ልግባ። የመርዶ ሥርዓታችንን አታውቁትም። አዲስ አበባ ወይም ደሴ የአንዲት ሴት እናት ሲያርፉ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ አይደለም፤ ለጓደኞቿ ነው። ጓደኞች በስልክ ይጠራራሉ። ማን ይንገራት? ግፊት አለባት? ነገ ሥራ ትገባለች? ፌስቡክ ከፍታ እንዳታየው ምን ይደረግ? ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ለሥራ ሳትወጣ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው በሯን ያንኳኳሉ። ሌላ ግዛት ያለ ወንድምና አብሮ አደግ ለዚያች ንጋት መድረስ አለበት። ስለዚህ ቲኬቱ የሚገዛው ዛሬ ከሰዓት፣ ለዛሬ ማታ ነው።

ኮምፒውተራችሁ ይህን ሰው ሲያይ የሚመስለው በመሥሪያ ቤቱ ካርድ የሚከፍል፣ ነገ ውል የሚፈርም ነጋዴ ነው። ጥበቡን በ1980ዎቹ በአሜሪካን ኤርላይንስ ያሳደጉት ሮበርት ክራንዳል ናቸው። ቀድሞ ለሚገዛ ርካሹ ወንበር ይሰጠዋል፤ ለሚቸኩለው ደግሞ ያው ወንበር በእጥፍና ከእጥፍ በላይ ይቆይለታል። ፒፕል ኤክስፕረስ የተባለውን ርካሽ ተፎካካሪ ያንበረከኩትም በዚሁ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ሐዘንተኛ አይከራከርም፤ የሚጠየቀውን ይከፍላል።

ድሮ የለቅሶ ቅናሽ የሚባል ነገር ነበራችሁ። አሜሪካንና ዩናይትድ በ2014 አነሡት። ዴልታ ስላላነሳው ክብር ይግባውና፣ የሟቹን ስም፣ ዝምድናውን፣ እንዲሁም የቀብር አስፈጻሚውን ወይም የሆስፒታሉን ስምና ስልክ ይጠይቃል። እስቲ ልሙላው። ሟቿ የአብሮ አደጌ እናት ናቸው፤ እኔንም ከልጆቻቸው ሳይለዩ አብልተው አሳድገውኛል፤ ዝምድናው ይኸው ነው። ቀብሩ አዲስ አበባ፣ ለቅሶው ዴንቨር ነው። ቀብር አስፈጻሚው የሰፈሩ እድር ሲሆን ስልኩ የሊቀመንበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩ ድንኳን እያስተከሉ ስለሆነ አያነሱም። ለነገሩ፣ የገዛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሐሳቡን ቢቀይር ያለ ቅጣት ይሰርዝ የሚል የመንግሥት ደንብም አለ። የሚያገለግለው ግን ከበረራው ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ለገዛ ነው። ሞትን በሳምንት ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይጠቀምበታል።

እህቴ ፍራንክፈርት ትኖራለች። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በኩባንያው ጥፋት 3 ሰዓት ዘግይታ ሀምቡርግ ከደረሰች 250 ዩሮ ይገባታል። እዚህም በ2024 መጨረሻ ይህን የሚመስል ነገር ታስቦ ነበር፤ በ2025 ሐሳቡ ተነሣ። የእኔ መብት፣ በረራው 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ አልሄድም ብዬ ገንዘቤን መቀበል ነው። ለቅሶውን በስልክ መድረስ ይቻላል ማለት ነው።

እና የትኛው ይሻላል? ለሚጠይቀኝ ሁሉ አሁን የምመልሰው የኩባንያ ስም ጠርቼ አይደለም። ቀጥታ የሚሄደውን፣ ከሁሉ ማለዳ የሚነሳውን ያዝ እለዋለሁ፤ መዘግየት ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነው የሚደራረበው። ሻንጣህን ሳትቆጥር ዋጋ አትይ እለዋለሁ። ዶሮ ወጥ ካለህ ደግሞ ቅርብ ከሆነ ንዳ።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቲኬት ስንገዛ የአንዳንዶቻችሁ ገጽ የጉዞው ምክንያት ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት እያለ ይጠይቀናል። ሦስተኛ ምርጫ ጨምሩልን፤ መርዶ የሚል። ዋጋ እንደምትጨምሩበት አውቃለሁ፤ ቢያንስ ለምን እንደተጨመረብን እናውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ምድብ 9፣ መሃል ወንበር

ግልባጭ፦
ለፌዴራሉ የትራንስፖርት ሚኒስቴር (ለመረጃ ያህል)
ለእህቴ፣ ፍራንክፈርት (እንዳትስቂ)